ለጓደኛ ሲባል እውነትን መደበቅ፦ በየአገሩ የሚለያይ ነው ወይስ የትም የማይለወጥ ትክክል አለ?

የላይን ሊደሯ (ኮምቦልቻ)

ሰላም ለሁላችሁ። ጥያቄዬ ረዘም ይላል፤ ታገሱኝ።

የምሠራው ኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ ልብስ ስፌት ላይ ነው። ላይን ሊደር፣ ማለትም የአንድ የስፌት መስመር ሠራተኞች ኃላፊ፣ ነኝ። በእኔ ሥር ያሉት አብዛኞቹ ገና ልጆች ናቸው። ከቃሉ፣ ከአልቡኮ፣ ከተሁለደሬ፣ ከወረባቦ የመጡ። አራት አምስት ሆነው አንድ ክፍል ተከራይተው ይኖራሉ።

በቅርቡ አንዷ ኦፕሬተር ታማ ቀረች። አብራት የምትኖረው ጓደኛዋ ጠዋት ሁለት የሥራ መግቢያ ካርድ፣ የራሷንና የታመመችውን፣ ይዛ መጣችና ሁለቱንም መታች። ማሽኑ ባዶ ስለሆነ ነገሩ ወዲያው ታወቀ። ማናጀራችን የውጭ አገር ሰው ነው። ላይኑን ሰብስቦ «ማነው የመታላት?» አለ። ሁሉም ዝም። ወደ እኔ ዞሮ «አንቺ አይተሻል?» ሲለኝ «አዎ፣ አይቻለሁ» አልኩት። ስሟንም ተናገርኩ።

የሁለቱም ደመወዝ ተቆረጠ። ሳይቀሩ ለሠሩ የሚሰጠው የወሩ ጉርሻም ቀረባቸው። የታመመችው ልጅ ለቤተሰቧ የምትልከው ከዚያ ጉርሻ ነው። ከዚያ ወዲህ ምሳ ሰዓት ላይ እኔ ስቀመጥ ወሬው ይቆማል።

እሑድ ደሴ ሄጄ ለእናቴ ነገርኳት። ቤታችን ሰኞ ገበያ አካባቢ ነው። እናቴ የሰው ሳንቲም ነክታ አታውቅም። ስትዋሽ አይቻት አላውቅም። ግን ይህን ስትሰማ ፊቷ ተለወጠ። «የድሃ ልጅ አሳልፈሽ ሰጠሽ? እንዲህ አድርጌ ነው ያሳደግሁሽ?» አለችኝ። ማናጀሩ ደግሞ ጠርቶ አመስግኖኛል። እሱም ክፉ ሰው አይደለም። አንዴ አንዲት ልጅ ራሷን ስታ ስትወድቅ በራሱ መኪና ሐኪም ቤት ያደረሳት እሱ ነው።

እንግዲህ ሁለት ጨዋ ሰዎች ናቸው። አንዱ ደግ ሠራሽ ይላል፣ ሌላዋ ነውር ሠራሽ ትላለች። አጽናኑኝ ብዬ አይደለም የጻፍኩት። ማወቅ የምፈልገው ይሄን ነው። ትክክልና ስሕተት እንደ ልብስ በየሰዉ ልክ የሚሰፋ ነገር ነው? ወይስ የትም ቢሄዱ የማይለወጥ አለ? ካለስ በምን ይታወቃል?

ጦሳ ሥር

እህቴ፣ ጥያቄሽ ያንቺ ብቻ አይደለም። ዩኒቨርሲቲ እያለን ብዙ የተከራከርንበት ነው።

ያንቺን ጉዳይ የሚመስል ነገር ያጠና ፎንስ ትሮምፔናርስ የሚባል ሆላንዳዊ አለ። በብዙ አገር ላሉ ሠራተኞች እንዲህ የሚል ጥያቄ አቀረበ። ጓደኛህ በሚነዳው መኪና ውስጥ ተቀምጠሃል። በሰዓት 20 ማይል ብቻ በሚፈቀድበት ቦታ በ35 እየነዳ ሰው ገጨ። ሌላ ምስክር የለም። ጠበቃው «በ20 ነበር የሚነዳው ብለህ ብትመሰክር ጓደኛህ ይድናል» ይልሃል። ምን ታደርጋለህ?

ስዊዘርላንድ ውስጥ ከ10 ሰው ከ9 በላይ የሚሆነው አልዋሽም አለ። ቬኔዙዌላ ውስጥ እንዲህ ያለው ከ10 ሰው 3 ያህሉ ነው። ከሁሉ የገረመኝ ግን ቀጣዩ ነው። የተገጨው ሰው በጣም የተጎዳ ከሆነስ ሲባሉ አንደኞቹ «እንግዲያማ ጭራሽ አልዋሽም» አሉ። ሌሎቹ ደግሞ «እንግዲያማ ጓደኛዬ ይበልጥ ያስፈልገኛል» አሉ። በአንድ ምክንያት ወደ ተቃራኒ አቅጣጫ ሄዱ ማለት ነው።

የጥንቱ ግሪካዊ ታሪክ ጸሐፊ ሄሮዶቱስ ከጻፈው አንድ ልጨምር። የፋርሱ ንጉሥ ዳርዮስ ግሪኮችን ጠርቶ «ስንት ብከፍላችሁ የሞቱ አባቶቻችሁን ትበላላችሁ?» አላቸው። በምንም አሉ። ከዚያ ሬሳ የመብላት ልማድ የነበራቸውን ካላቲያ የሚባሉ ሕንዶች ጠርቶ «ስንት ብከፍላችሁ አባቶቻችሁን ታቃጥላላችሁ?» አላቸው። እነሱም ጮኹበት። ግሪኮች ሬሳ ያቃጥሉ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1947 የሰውን ባህል የሚያጠኑ ምሁራን የተሰባሰቡበት የአሜሪካ የሥነ ሰብእ ማኅበርም ለተባበሩት መንግሥታት ደብዳቤ ጽፎ ነበር። የአንዱን ባህል ሚዛን የዓለም ሁሉ ሚዛን አታድርጉ የሚል። ስለዚህ የእኔ መልስ አጭር ነው። ማናጀሩ በአገሩ ትክክል ነው፣ እናትሽም በአገሯ ትክክል ናት። ከሁለቱ በላይ ቆሞ የሚፈርድ የለም።

የመናፈሻ ልጅ

ለእኔ ይሄ ብዙ አያከራክርም። ከአሥርቱ ትእዛዛት አንዱ በሐሰት አትመስክር ነው። ቁርኣንም በራሳችሁና በወላጆቻችሁ ላይ ቢሆን እንኳ ለፍትሕ ቁሙና መስክሩ ይላል። ደሴ ላይ ቤተ ክርስቲያኑም መስጊዱም በዚህ አንድ ከሆኑ ሌላ ምን ቀረ? እህቴ፣ አንገትሽን ቀና አድርጊ።

የቅሬ ዳኛው (ደሴ)

ልጄ፣ አብሽሪ። የምኖረው ሆጤ ነው። የሠፈራችን ቅሬ፣ ሌላ አገር እድር የሚሉት፣ ዳኛ ሆኜ ብዙ ዘመን አገልግያለሁ። ቅሬያችን እስላሙም ክርስቲያኑም ያለበት ነው። የእኔ መልስ ከዚያ ያየሁት ነው።

ሰው ሲሞት ይለፈፋል። ወንዱ መቃብር ሊቆፍር ይወጣል። ሴቶቹ ውሃውን፣ እንጨቱን፣ እህሉን ይዘው ለቅሶ ቤት ይገባሉ። ከቀብር በኋላ ስም ይጠራል፣ ያለ ምክንያት የቀረ ይቀጣል። አሁን አንድ ነገር ስሚኝ። ስም ሲጠራ ለቀረው ጓደኛው «አቤት» የሚል ሰው አለ። ድሮም ነበረ፣ ዛሬም አለ። ይህ ሰው ሲያዝ ከቀረው ሰው በላይ ነው የሚቀጣው። «ለጓደኛዬ ብዬ ነው» ቢል የሚሰማው የለም። አጠገቡ ቆሞ እያየ ዝም ያለውም ይወቀሳል። ማን ነው የሚፈርድበት? እንደ እናትሽ ያለ ጨዋ ሰው ነው። እናትሽን ራሷን ብትጠይቂያት ልክ ነው ትልሻለች።

ካርድ መምታትና «አቤት» ማለት አንድ ሥራ ነው። ታዲያ ቅሬ ላይ የሚያስቀጣው ፋብሪካ ላይ ለምን ደግነት ሆነ? ባህሉ ስለተለወጠ አይደለም። ሰዎቹ ያው ናቸው። ቅሬው የኛ ነው፤ አንዱ ሲቀር ቁፋሮው ለሌላው ይከብዳል። ፋብሪካው ግን በእናትሽ ዓይን የኛ አይደለም። እዚያ ውስጥ የኛ የሆነችው ልጅቷ ብቻ ናት። ማናጀሩ ደግሞ ፋብሪካውን የኔ ይላል። ልጅቷን ግን ታርጌት (የቀን የምርት ግብ) ላይ ባለው ቁጥር ነው የሚያውቃት።

እኔ የደረስኩበት ይሄ ነው። እውነት ተናገር፣ የታመመውን አግዝ፣ አደራ አትብላ የማይል አገር አላየሁም። ሰው የሚለያየው ይሄ ሁሉ ለማን ይገባል በሚለው ላይ ነው። ማንን የኛ ብለን እንቆጥራለን በሚለው።

ጦሳ ሥር፣ ልጄ፣ ስለ ሬሳ ያመጣኸው ታሪክ ጥሩ ነው። ግን እኔ ያንኑ በእጄ እየቆፈርኩ ኖሬያለሁ። የእስላሙ ሬሳ በከፈን ተጠቅልሎ በዕለቱ ይቀበራል። የክርስቲያኑ ፍትሐት ተደርጎለት በሣጥን ይገባል። አንዱ የሌላውን ሥርዓት ለአባቱ አያደርገውም። ግን የሁለቱንም ጉድጓድ የሚቆፍረው አንድ እጅ ነው። ሬሳ ሜዳ ላይ ጥሎ መሄድ ምንም አይደለም የሚል ሰው ከሁለቱም ወገን አላየሁም። በ77ቱ ረሃብ ቀባሪ ጠፍቶ ነበር። ያን ጊዜ ወገናቸውን መንገድ ላይ ትተው ያለፉ ሰዎች አውቃለሁ። ማንም አልወቀሳቸውም፣ አማራጭ አልነበራቸውም። ግን እስካሁን ሲያነሱት ድምፃቸው ይቆረጣል። ልማድ ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል ዘመን ልብ አያደማም። ግሪኩም ሕንዱም የጮኹት ስለ አባታቸው ክብር ነው።

ሌላም ልበል። ቦሩ ሜዳ ከዚህ ሩቅ አይደለም። በ1870 አፄ ዮሐንስ እዚያ ጉባኤ አድርገው የወሎ እስላም እንዲጠመቅ ታዘዘ። ንጉሥ ሚካኤል ራሳቸው ከዚያ በፊት መሐመድ ዓሊ ነበሩ። አፄ ዮሐንስ ያዘዙት ለአገር አንድነት ይበጃል ብለው አምነው ነው። ሕዝቡ ግን ብዙው ቀን ክርስቲያን፣ ሌሊት እስላም ሆኖ ኖረ። ያን ጊዜ «ባህሉ ምን ይላል?» ብሎ የጠየቀ ሰው ከቤተ መንግሥቱ አንድ መልስ፣ ከጎጆው ሌላ መልስ ያገኝ ነበር። ኋላ እዚሁ ደሴ ላይ አይጠየፍ አዳራሽ ተሠርቶ ለእስላሙም ለክርስቲያኑም ግብር ሲበላ፣ ወደ ትክክሉ የቀረበው የትኛው እንደሆነ ለመናገር የውጭ ዳኛ አያስፈልገንም። ማንኛውም የወሎ ሰው ያውቀዋል።

ጠበቃ ከፒያሳ

የቅሬ ዳኛው የመጨረሻው ነገር ላይ ልቀጥል። «ባህላችን ይፈቅዳል» ሲባል ሁልጊዜ የምጠይቀው ማን ተጠይቆ ነው የሚለውን ነው።

ጠለፋን ውሰዱ። ባህል ነው ይባል ነበር። የ1949 የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ራሱ ጠላፊው የጠለፋትን ካገባት ከቅጣት ያድነው ነበር። ሽማግሌ ይገባል፣ ይታረቃል፣ አለቀ። ከ1997 ጀምሮ የሚሠራበት የወንጀል ሕግ ግን ይህን በር ዘግቶታል። ከጠለፋ በኋላ ጋብቻ ቢፈጸም እንኳ ጠላፊው ይጠየቃል።

አሁን «ድሮ ትክክል ነበር፣ ዛሬ ስሕተት ሆነ» ልንል ነው? የተጠለፈችው ልጅ እኮ ያኔም ጮኻለች። እናቷም አልቅሳለች። እነሱም የዚያው ባህል ሰዎች ናቸው። ድምፃቸው አልተቆጠረም እንጂ ፍርዱን ያኔም ሰጥተውታል። ባርነትም እንዲሁ ነው። ፍትሐ ነገሥቱ ይፈቅደው ነበር፣ በአዋጅ የተከለከለው በ1934 ነው። ከዚያ በፊት ባርያ የተባለውን ሰው ማን ጠየቀው?

ጦሳ ሥር ያነሳው የ1947ቱ ደብዳቤ እውነት ነው። ግን በማግስቱ ዓመት የሆነውንም ይጨምርበት። ታኅሣሥ 1 ቀን 1941፣ እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 10 ቀን 1948፣ ሁሉን አቀፍ የሰብአዊ መብቶች መግለጫ ለድምፅ ሲቀርብ 48 አገሮች ደገፉ፣ 8 ድምፀ ተአቅቦ አደረጉ፣ የተቃወመ አልነበረም። ኢትዮጵያ ከደገፉት አንዷ ናት። ድምፀ ተአቅቦ ካደረጉት መካከል ደቡብ አፍሪካ ነበረች፤ አፓርታይድን የያዘችው ያ ዘመን መሆኑን ልብ በሉ። «የእኛ ባህል የተለየ ነው» የሚለውን ቃል አብዛኛውን ጊዜ የሚናገረው ማን እንደሆነ ተመልከቱ።

ጦሳ ሥር

ሁለታችሁንም አከብራለሁ፤ ግን ቀላል አድርጋችሁታል።

አንደኛ፣ የኛ የሚባለው ክልል ሲሰፋ ይሻላል ያለው ማነው? ያም ራሱ የአንድ ወገን እምነት ሊሆን ይችላል። ለወገኑ አብልጦ የሚያደላ ሰው ክፉ ነው? እናት ለልጇ አታደላም?

ሁለተኛ፣ ደም መመለስስ? ግዴታ ነው ብለው የሚያምኑ አሉ። ያልመለሰ ወንድ ይናቃል። ኦሞ ውስጥ ደግሞ ሚንጊ የሚባል ነገር ነበር። የላይኛው ጥርሱ ቀድሞ የበቀለ ሕፃን ለጎሣው መቅሠፍት ያመጣል ተብሎ ይገደል ነበር። ሕፃን መግደልን ግዴታ ያደረገ ማኅበረሰብ ካለ፣ የማይለወጥ የምትሉት የታል?

ጠበቃ ከፒያሳ

ሚንጊን ካነሳህ መጨረሻውንም ተናገር። የካራ ጎሣ ልማዱን በይፋ ያቆመው በ2004 ነው። ከካራ የተወለዱ ወጣቶች ናቸው ሽማግሌዎቻቸውን እየለመኑ ልጆቹን ማዳን የጀመሩት። እናቶቹ ልጃቸው ሲወሰድ ያለቅሱ ነበር። ደስ ብሏት የሰጠች የለችም።

ሽማግሌዎቹም ልጅ መግደል ጥሩ ነው ብለው አይደለም ያደረጉት። ሕፃኑ ካልሞተ ዝናብ ይቀራል፣ ሁላችንም እናልቃለን ብለው ፈርተው ነው። ፍርሃቱ ልክ አልነበረም። ወገንን ከጥፋት ማዳን የሚለው ግን አንተም እኔም ያለን ነገር ነው። ጥርስና ዝናብ እንደማይገናኙ ሲታይ ልማዱ የሚቆምበት ምክንያት ተገኘ። እንግዲህ የተለያየነው ስለ ዝናቡ ባለን እውቀት ላይ እንጂ ስለ ሕፃን ሕይወት ላይ አይደለም።

የቅሬ ዳኛው (ደሴ)

ስለ ደም እኔ ልናገር። ደም መመለስ ግዴታ ነው በሚባልበት በዚሁ በወሎ አበጋሮች አሉ። ከአባት ወደ ልጅ የሚወርድ የማስታረቅ ሥራ ነው። ሁለቱን ወገን ያቀርባሉ፣ ካሣ ይቆረጣል፣ መሐላ ይፈጸማል፣ ዱዓ ይደረጋል። ሰው መግደልን ከልቡ ጽድቅ ነው ብሎ የሚያምን አገር እንዲህ ያለ ነገር ለምን ያበጃል? በዕርቅ ቦታ ተቀምጫለሁ። የሟች ወንድም ካሣውን ተቀብሎ ሲነሳ ትከሻው ሲቀልለው ዓይቻለሁ። ግዴታውን ተሸክሞት ነበር እንጂ አልወደደውም።

እናት ለልጇ ታደላለች፣ ልክ ነህ። ታድላ። ለልጇ ብላ የጎረቤቷን ልጅ ጉሮሮ ብትዘጋ ግን ጎረቤት ሁሉ ይነሳባታል። ክልሉ መስፋቱ ለምን እንደሚሻል ከጠየቅኸኝ፣ ከክልሉ ውጭ የቀረውን ሰው ጠይቀው እልሃለሁ። እሱ መልሱን አያጣውም።

ጦሳ ሥር

የመጨረሻዋን እያሰብኩባት ነው፣ ጋሼ። ግን አሁንም አንድ ነገር አልተዋጠልኝም። ከውጭ የቀረው ሰው መልስ ለምን ከውስጠኛው ይበልጣል? ሁለቱም ሰው ናቸው። እዚህ ላይ አልተስማማንም።

የላይን ሊደሯ (ኮምቦልቻ)

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ጋሼ፣ የቅሬውን ነገር ሳነብ ደነገጥኩ። እናቴ ራሷ ቅሬ ላይ እንዴት እንደምትቆጣ አውቃለሁ፣ ሁለቱን ነገር አገናኝቼው አላውቅም ነበር።

እኔም የምለው አለኝ። ፋብሪካውን እናቴ የኛ አትለውም አላችሁ። ልክ ነው። ግን ፋብሪካውስ እኛን የኔ ብሎ ያውቃል? ሰሞኑን የልጆቹ ክፍል ሄጄ ነበር። መጀመሪያ በሩን ሊከፍቱልኝ አልፈለጉም። ቡናው ከተፈላ በኋላ ነው የታመመችው ልጅ የነገረችኝ። ያን ቀን ትኩሳት ነበራት። ሐኪም ቤት ሄዳ ወረቀት ለማምጣት ገንዘብ አልነበራትም። አንድ ቀን ከቀረች የወሩ ጉርሻ በሙሉ ይቀርባታል። ግማሹ እንኳ አይሰጥም። ጓደኛዋ ካርዱን ስትመታ ኩባንያውን ልዝረፍ ብላ አይደለም። ልጅቷ እየተንቀጠቀጠች ልትነሳ ስትል አይታ «ተኚ» ብላት ነው የወጣችው።

ስለዚህ ጦሳ ሥር፣ ያንተን መልስ አልቀበልም። «እናትሽ በአገሯ፣ ማናጀሩ በአገሩ» ካልን እኔ መሐል ቆሜ የማደርገው ይጠፋል። ሁለቱም እኮ አንድ ፋብሪካ ውስጥ ነው የሚገናኙት፣ በእኔ ላይ። ደግሞ ልጅቷ ታማ ሳለ በትኩሳት ልትሠራ መነሳቷ ልክ አይደለም ብለህ ለማናጀሩ ብትነግረው፣ የአገሩ ሰው ስላልሆንክ አልገባህም አይልህም። ይገባዋል። ራሷን የሳተችውን ልጅ ተሸክሞ መኪናው ውስጥ ያስገባ ሰው ነው። ደንቡን ሲጽፉ ነው ልጅቷ ያልታየቻቸው።

እውነቱን መናገሬን አልመልሰውም። ሌሎቹ የላይኑ ልጆችም አሉ፤ አንድ ማሽን ባዶ ሲሆን ታርጌቱ እነሱ ላይ ነው የሚወድቀው። እነሱንም ጋሼ እንዳሉት ከቁጥር ማውጣት አልችልም። ግን ፋብሪካው ውሸቱን ቀጥቶ ውሸቱን የሚያመጣውን ደንብ እንዳለ መተው የለበትም። ማናጀሩ ስም ሲጠይቀኝ ስም ነገርኩት። አሁን ደግሞ ምክንያቱን ልነግረው ነው የምሄደው። ይሄም እውነት ነው፣ ያውም ትልቁ።

ጠበቃው፣ አንድ ጥያቄ ላስቸግርዎት። ልጅቷ ከተቀጠረች ዓመት አልሞላትም። የሕመም ፈቃድ ይገባታል?

ጠበቃ ከፒያሳ

ይገባታል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ዓመት መሙላት አይልም፤ የሙከራ ጊዜዋን መጨረስ ብቻ ነው የሚጠበቅባት። የሙከራ ጊዜ ደግሞ ከ60 የሥራ ቀን አይበልጥም። የሕመም ፈቃዱ በ12 ወር ውስጥ እስከ 6 ወር ሊደርስ ይችላል። የመጀመሪያው ወር ሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዩ ሁለት ወር ግማሽ፣ የቀረው ሦስት ወር ያለ ክፍያ። ግን የሐኪም ማስረጃ ያስፈልጋል፣ እዚህ ላይ ነው የተያዘችው።

ጉርሻው ከደመወዝ የተለየ ነው። የሚወሰነው በኩባንያው ደንብ ወይም በኅብረት ስምምነት ነው። ስለዚህ ማናጀሩ ጋ ስትገቢ ሁለት ነገር ለይተሽ ጠይቂ። አንደኛ፣ በሕመም የቀረች ሠራተኛ ማስረጃ ካመጣች ጉርሻዋ እንዳይቆረጥ። ሁለተኛ፣ ገንዘብ የሌላት ልጅ ማስረጃ የምታገኝበት መንገድ እንዲኖር፤ ፓርኩ ውስጥ ወይም አቅራቢያ ካለ ክሊኒክ ጋር ውል ቢይዙ ይፈታል። ብቻሽን አትግቢ። ሁለቱን ልጆች ይዘሽ ግቢ። ጥያቄውንም በጽሑፍ አድርጊውና ቅጂውን አስቀሪ።